የቃና ጋኖችና የእኛ ማዕድ

(በበዓልና በሠርግ ስለሚቀርበው ወይንና ጠጅ፤ በቃና ዘገሊላ ዋዜማ የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ነገ ጥር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን፥ ጌታችን በቃና መንደር በሠርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበትን ተአምር ታከብራለች። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተደረገው የካቲት 23 ቀን ነበረ፤ አባቶቻችን ግን የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስማማት ብለው በጥምቀት ማግሥት እንዲከበር አደረጉት። ይህ አቀማመጥ ለአገራችን ሌላም ጥቅም አለው። ጥር የሠርግ ወር ነውና፥ ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀት ሲመለስ በየመንደሩ ዳሱ ተጥሎአል፤ ጋኑ በወይራ ታጥኖአል፤ ዘመድ ከሩቅ አገር መጥቶአል። ስለዚህ ስለ ቃና ወይን የሚነገረው ቃል ከዐውደ ምሕረቱ ተነሥቶ ወዲያው ከቤታችን ደጃፍ ይደርሳል።

ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ተአምሩ ረቂቅ ምሥጢር አይደለም፤ እርሱን ሊቃውንቱ በሰፊው ያስተምሩአችኋል። የእኔ ነገር ዝቅ ያለ ነው፤ ይኸውም በበዓል ማዕድ ላይ የሚቀርበውን መጠጥ እንዴት እንምረጠው፥ እንዴትስ እንቅዳው የሚል ነው። «ይህስ የባልትና ጉዳይ እንጂ የስብከት ጉዳይ ነውን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወንጌላዊው ዮሐንስ የጌታን የመጀመሪያ ተአምር ሲጽፍ የጋኖቹን ቍጥር፥ የተሠሩበትን ነገር፥ የሚይዙትን ልክ፥ እስከ አፋቸው መሞላታቸውን፥ ማን እንደ ቀዳና ማን አስቀድሞ እንደ ቀመሰ አንድ በአንድ ነግሮናል። ወንጌል ያልናቀውን ነገር ሰባኪ ሊንቀው አይገባም።

እንግዲህ ወደዚያ ሠርግ ቤት እንግባ። የሙሽራው ስም አልተጻፈም፤ የቤቱም ሀብት አልተነገረም። ነገር ግን ግብዣው ሳይፈጸም ወይኑ ማለቁ፥ ቤቱ የባለጸጋ ቤት እንዳልነበረ፥ ወይም ከታሰበው በላይ ሰው እንደ መጣ ያሳስበናል። በአይሁድ ዘንድ ሠርግ እንደ ሶምሶን ሠርግ ሰባት ቀን የሚዘልቅ ነበረና ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ መጠጥ ማጣት ለሙሽራው ዕድሜ ልኩን የሚነገርበት ነውር ነበረ። ከእንግዶቹ መካከል ይህን አስቀድማ ያየች እመቤታችን ናት። ያየችውንም ለጎረቤት አላወራችም፤ የሙሽራውን አባት አልነቀፈችም፤ ሊረዳ ለሚችለው ብቻ ጉድለቱን በጥቂት ቃል ነገረች፤ አገልጋዮቹንም የሚላቸውን እንዲያደርጉ አዘዘች። የሆነውን ነገር ያወቁ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው፤ ሊቀ ምርፋቁ፥ ማለት የማዕዱ አዛዥ፥ ወይኑ ከወዴት እንደ መጣ አላወቀም። ያ ቤትም ሳያፍር በዓሉን ፈጸመ።

ስለ መጠጥ አመራረጥና አቀራረብ የምናገረው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው። በበዓል ቀን ጽዋ የሚቀርበው ማንም እንዳያፍር ነው፤ ጋባዡም፥ ተጋባዡም፥ ያልተጋበዘውም።

ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች በዛሬ መስፈሪያ ቢለኩ እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 120 ሊትር፥ በጠቅላላው ከ480 እስከ 720 ሊትር ያህል ይይዙ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን የወይን ብዛት እያነሣ ለስካር ፈቃድ ያደርገዋል። እንዲህ የሚል ሰው መጽሐፉን አላስተዋለውም። ብዛቱ የሰጪውን ቸርነት ያሳያል እንጂ የጠጪውን ልክ አይወስንም፤ ደግሞም እስከ አፋቸው የተሞሉት ጋኖቹ ናቸው እንጂ ጽዋዎቹ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የሊቀ ምርፋቁን አድናቆት ነው። እርሱ ብዙ ግብዣ ያየ ሰው ስለ ነበረ የጋባዦችን ብልሃት ያውቃል፤ መልካሙን ወይን በመጀመሪያ ያቀርባሉ፥ የሰው አፍ ከደነዘዘ በኋላ ግን ተራውን ያመጣሉ። ይህ ብልሃት ከቃና ጋር አልቀረም፤ እስከ ዛሬ በእኛም ዳስ ውስጥ ይኖራል። ለክብር እንግዳ የማሩ ጠጅ ይቀዳል፤ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ግን በስኳር የተጣለ፥ በቀለም የወረዛ ነገር ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣውስ ማን ነው? ከሥራው የተለቀቀው ዘበኛ፥ ከገጠር በእግሩ የተጓዘው ዘመድ፥ ከሌሊት ጀምራ በማድ ቤት ጭስ ውስጥ የቆየችው ወጥ ሠሪ፥ በመጨረሻም ምግብ የቀመሰው አሳላፊ ነው። በቃና ግን መልካሙ ወይን የተገኘው በመጨረሻ ነው፤ ዘግይቶ የመጣም ሰው ቢኖር ከፊተኛው የሚበልጠውን ጠጣ። ስለዚህ ለጋባዥ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰው ልታደርሱት የማትችሉትን መጠጥ ለመጀመሪያው ሰው አትምረጡ። ሃያ ሰው ብቻ የሚቀምሰው የውጭ አገር ወይን ከመግዛት፥ ሁለት መቶ ሰው የሚጠጣውን መልካም ሜስ መጣል ይሻላል። ማር ያልበቃው ቤትም ቢሆን ጋኑ በስኳር የተጣለ መሆኑን በግልጽ ቢናገር አያሳፍረውም፤ የሚያሳፍረው የማር ነው ብሎ ማቅረቡ ነው።

ወይን ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ የግሪክ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ ላይ፥ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም መንግሥት ከሚገባው ዕቃ መካከል ከሶርያ ሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት ወይን እንደ ነበረ ተመልክቶአል። በአራተኛው መቶ ዓመትም ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባቆመው የድንጋይ ጽሕፈት ላይ፥ ድል የሆኑትን የቤጃ ሰዎች ከአገራቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሲያዛውር በመንገድ ዳቦና ሥጋ፥ ጠላና ወይን፥ ውኃም እስኪጠግቡ እንደ ሰጣቸው አስጽፎአል። ይህን የኢዛናን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የወይን ፍሬ ግን በዚህ ደጋ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ አባቶቻችን ደስታቸውን በማር ገለጹ። ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ ጠጅ የሚለውን እኛ ሜስ እንለዋለን፤ ይህም የግእዝ ቃል ነው። አማርኛም በበኩሉ የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብሎ መጥራቱ፥ ሕዝቡ ወይንን በጠጁ እንደ መዘነው ያስረዳል። ከአጽቢና ከውቅሮ ወገን ወደ መቀሌ ገበያ የሚወርደው ነጭ ማር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ተራራው ሲያብብ ንቦቹ የሚሠሩት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፥ በኅዳርም ይቈረጣል። እንግዲህ ለጥር የሚሆነውን ማር በኅዳር መግዛት፥ ሜሱንም ከታኅሣሥ አጋማሽ ሳያሳልፉ መጣል ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ጋኑም በቆላ እንደሚፈላው ፈጥኖ አይፈላም። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ በጥብጦ፥ ጌሾውን በጊዜው አግብቶና በጊዜው አውጥቶ፥ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ለዋዜማ ሲሉ በችኮላ የጣሉት ሜስ ደፍርሶ ይቀዳል፤ ሆድ ይነፋል፤ ራስ ያሳምማል፤ ባለቤቱም «ማሩ ጥሩ አልነበረም» እያለ ንቡን ያማል። (የጌሾው ነገር ለእናቶቻችን የሚነገር አይደለም፤ እነርሱ ያስተምሩናል እንጂ።)

የመጠጥ አቀራረብስ ቢሆን በአገራችን የተከበረ ሥራ ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ መቀሌ ላይ ባሠሩት፥ ዛሬ ቤተ መዘክር በሆነው ቤተ መንግሥት፥ እንደ ሌሎቹም ነገሥታት አዳራሽ ሁሉ ግብር ሲገባ፥ ጠጅ አሳላፊው ከሚቀዳው ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ በጌታው ፊት ይቀምስ ነበር። ይህ ሥርዐት የተሠራው ስለ መርዝ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ከፍርሃቱ ለይተን ብንይዘው መልካም ትምህርት አለበት። ለሌላው የሚያቀርበውን አስቀድሞ በራሱ የሚፈትን ሰው ታማኝ አሳላፊ ነው። የሲራክ ልጅ ኢያሱም በግብዣ ላይ አለቃ የሆነውን ሰው ሲመክር፥ ራሱን ከፍ እንዳያደርግ፥ ከተቀመጡት እንደ አንዱ እንዲሆንና አስቀድሞ የሌሎቹን ጉዳይ ፈጽሞ ከዚያ በኋላ እንዲቀመጥ ያስተምራል። ይህ ሁሉ ለጋባዥ ነው፤ ጋባዥ በገዛ ቤቱ አሳላፊ ነውና።

አሁን ደግሞ ስለ ጠርሙሱ ወይን ጥቂት ልበል፤ በመቀሌ ሠርግና በዓል ላይ እየተለመደ መጥቶአልና። ከአዲስ አበባ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት፥ ከሚላም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃሉ። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቶአል፤ ሪፍት ቫሊና አካሽያ የሚባሉት የእርሱ ናቸው። ስማቸውን መጥራቴ ለማስታወቂያ አይደለም፤ ሰው በዐይኑ የሚያየውን ዕቃ በስሙ ቢነግሩት ነገሩ ይገባዋል ብዬ ነው።

ብዙ ሰው ወይን የሚመርጠው በዋጋው ወይም በጠርሙሱ ማማር ነው። ነገር ግን ወይን የሚመረጠው በወጡ ነው። ገበያው «ድራይ» የሚለው፥ ጣፋጭነቱ ያለቀለት ቀይ ወይን አፍን የመሰብሰብ ጠባይ አለው። ይህን ከዶሮ ወጥ፥ ማለት ከእኛው ጸብሒ ደርሆ ጋር ብታቀርቡት የበርበሬው ማቃጠልና የወይኑ ምሬት እርስ በርሳቸው ይበረታታሉ፤ እንግዳውም ወጡን ወይም ወይኑን ይተዋል። በርበሬ ለበዛበት ወጥ የሚስማማው ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፥ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቀርብ ወይን ነው፤ እንደ አክሱሚትና እንደ አካሽያ ያለው ለዚህ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ እናቶቻችን የወይን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለጸብሒ ደርሆና ለጥሕሎ ሜስን መምረጣቸው በማስተዋል የተደረገ ነው፤ የማሩ ጣዕም የበርበሬውን ቍጣ ያበርደዋልና። ደረቁ ቀይ ወይን ግን በርበሬ ላልበዛበት ጥብስ፥ በእሳት ለተጠበሰ የበግ ሥጋ መልካም ነው። ነጩ ለአልጫና ለዶሮ ጥብስ ይሆናል። በጥር ወር በመቀሌ ቀዩን ወይን በበረዶ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፤ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ካደረ ይበቃዋል። የተከፈተ ጠርሙስ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን እንጂ አይቆይም፤ ይኮመጥጣል።

ልኩንም አስቀድሞ ማስላት ከዕዳ ያድናል። አንዱ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ሊትር ነው፤ ከእርሱም አምስት ወይም ስድስት ብርጭቆ ይቀዳል፤ ስለዚህ ለ40 ሰው አንድ አንድ ብርጭቆ ለማዳረስ 7 ወይም 8 ጠርሙስ ይበቃል። ሌላም የምትጠነቀቁበት ነገር አለ። ወይን ከመቶው ከ11 እስከ 14 እጅ አልኮል አለበት፤ ቢራ ከዚህ ግማሽ ያህል፥ ሰዋም ብዙ ጊዜ ከቢራ ያነሰ ነው፤ የቤት ሜስ ግን ከጋን ጋን ይለያያል። ሰዋ በዋንጫ መጠጣት የለመዱ ሽማግሌ ወይን በዚያው ልክ ቢቀዳላቸው ሳያስቡት ይሰክራሉ፤ ያፈሩትም እርሳቸው ይሆናሉ፥ ያሳፈራቸው ግን የቀዳላቸው ነው። አረቄን በሚመለከት ፍርዴ አጭር ነው፤ ከወይን ሦስት እጥፍ የሚበረታ ነገር በወይን ላይ ተጨምሮ በበዓል ማዕድ መውጣት የለበትም። ከእኔ የማይስማሙ መኖራቸውን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ከሠርግ ቤት የሚነሣውን ጠብ ብዙውን ጊዜ ማን እንዳስነሣው እነርሱም ያውቃሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይታችሁ እንድታዩ እለምናለሁ። በማዕድ ላይ የሚቀርበው ወይን ሌላ፥ በመቅደስ የሚቀርበው ጽዋ ሌላ ነው። ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው በቤተ ልሔም ከዘቢብ የሚጨመቀው ነው፤ ጠርሙሱን «የቍርባን ወይን ዓይነት ነው» እያሉ በምስጋና ስም ብዙ መጠጣት ስድብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ፤ እርሱም የአቀዳዱ ነገር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባዮች ነን ስንል እውነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳን ማክበር ማስገደድ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። «በሞቴ» እንላለን፤ «አፈር ስሆን» እንላለን፤ እጁን በብርሌው አፍ ላይ የጋረደውን ሰው እጁን አንሥተን እንቀዳለን። እንግዳውም የጋባዡን ሞት ከሚሰማ የራሱን ጤና ይሠዋል። አሕዛብ የነበረው የፋርስ ንጉሥ እንኳ፥ በመጽሐፈ አስቴር እንደ ተጻፈው፥ በሱሳ ያን ታላቅ ግብዣ ባደረገ ጊዜ ማንም ማንንም እንዳያስገድድ፥ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ እንዲጠጣ ለቤቱ አዛዦች ትእዛዝ ሰጥቶአል። ነቢዩ ዕንባቆም ደግሞ ባልንጀራውን አጠጥቶ የሚያሰክረውን ሰው ወዮ ይለዋል። ስካሩን በጠጪው ላይ ብቻ አልቈጠረም፤ ከቀጂውም ይቈጥረዋል።

እምቢ የሚለው እንግዳ ምክንያቱን እንዲናገር የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሴቲቱ ፀንሳ ይሆናል፤ ገና ለአማትዋ አልነገረችም። ጐልማሳው የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፤ በሰው ፊት እንዲነገርበት አይፈልግም። ሌላው ስእለት አለበት። ሌላው የሰው ነፍስ አሳፍሮ ወደ ዓዲግራት የሚነዳ ነው፤ እርሱን «አንድ ብቻ» ማለት በኋላው የተቀመጡትን ሁሉ ሳይጠይቁ በእነርሱ ላይ መፍረድ ነው። ሌላው ደግሞ ትናንት በመጠጥ ቤቱን ሊያፈርስ ደርሶ የነበረ፥ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሚስቱ ትዕግሥት የተመለሰ ነው። እርሱ ወደ ሠርጋችሁ የመጣው ስለሚወዳችሁ ነው፤ እዚያ መምጣቱ ለእርሱ ጦር ሜዳ መውረድ ማለት ነው። አንድ ብርሌ «በሞቴ» ብላችሁ ብትሰጡት የስድስት ወር ድካሙን በአንድ ምሽት ልታፈርሱበት ትችላላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንድሙ የሚሰናከልበት ከሆነ ሥጋም አለመብላት፥ ወይንም አለመጠጣት መልካም መሆኑን ለሮሜ ሰዎች የጻፈው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ይኸው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ ይህን ቃል በሠርግ ቤት ሁሉም ያስታውሰዋል፥ ጥቂት የሚለውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ታዲያ ለእነዚህ እንግዶች ምን ይቅረብ? በብዙ ቤት የሚሆነው ይህ ነው፤ ለማይጠጣው ሰው ማንም አያስብለትም፤ በመጨረሻ አንድ ልጅ ተልኮ ከሱቅ ለስላሳ ይገዛለታል፤ እርሱም በብርሌዎቹ መካከል ጠርሙሱን ይዞ እንደ ሕፃን ይቀመጣል። ብርዝ ግን አለ። ገና ጌሾ ያልገባበት፥ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ፥ ዕለቱን የተዘጋጀ የማር ብርዝ በዚያው በብርሌ ቢቀዳ መልኩ ከሜሱ አይለይም፤ የማይጠጣውም ሰው በማዕዱ ላይ እንደ ማንም ይሆናል። አሳላፊው አስቀድሞ በጆሮው «ሜስ ነው ወይስ ብርዝ?» ብሎ ቢጠይቀው ጎረቤቱ እንኳ አያውቅበትም፤ በቃናም ምሥጢሩን ያወቁት አገልጋዮቹ ነበሩ። እኔ ብጠየቅ በመቀሌ የሚደገስ ሠርግ ሁሉ አንድ ጋን ብርዝ ይኑረው እላለሁ፤ ከሁሉ ርካሽ የሆነው ክብር እርሱ ነው። ብርዙ ሕፃናቱንና ወጣቶቹንም ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በገበያ የተከለከለውን በዳሳችን በነጻ ማደል ምን የሚሉት ቸርነት ነው?

ምግቡም ከጽዋው መቅደም አለበት። በጾም የከረመ ሰውነት፥ በተለይም ከሁለት ወር የዐቢይ ጾም በኋላ በትንሣኤ ሌሊት፥ በባዶ ሆድ ጠንካራ መጠጥ ሲገባበት ይጎዳል። አስቀድሞ ካህን ይባርክ፤ እንጀራው ይቈረስ፤ ሰው ይጉረስ፤ ከዚያ ይቀዳ። ውኃም ከማዕዱ አይለይ።

ክህነት ያለን ሰዎችም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለንም። ፍትሐ ነገሥት ካህን በመጠጥ እንዳይሸነፍ አጥብቆ ያዛል፤ ሕዝቡ ግን ከፍቅሩ የተነሣ ለካህን የሚቀዳው ብርሌ ከሌላው ይበዛል። በወር በወሩ በመድኃኔ ዓለም፥ በእመቤታችን ወይም በቅዱስ ሚካኤል ስም የሚጠጣው የማኅበር ጽዋም እንዲሁ ነው። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ድሀውም ባለጸጋውም በተራው አስተናጋጅ እንዲሆን ነው። በአንዳንድ ማኅበር ግን አንዱ ወይን በጠርሙስ አቀረበ ተብሎ የሚቀጥለው ቢራ በሣጥን ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የሚደርሰው ድሀ ከማኅበሩ «ጊዜ አጣሁ» ብሎ ይወጣል። ጊዜ አላጣም፤ ማሩን አጥቶ ነው። ሙሴዎቻችን፥ ማለት የማኅበሩ አለቆች፥ የጽዋውን ልክ በትንሹ ቤት አቅም ይወስኑ፤ አንድ ጋን ሰዋና አንድ መሶብ ጸበል ጸዲቅ ከሆነ ለሁሉም አንድ ጋን ሰዋና አንድ መሶብ ይሁን።

የዕዳውም ነገር ከዚህ ይነሣል። ይህች ከተማ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶርያ ስምምነት ድረስ ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባንክ ተዘግቶ፥ ደመወዝ ተቋርጦ፥ የገዛ ገንዘቡን ማውጣት ያልቻለ ሰው በዓልን በቆሎ ያሳለፈበት ዘመን ነበረ። ሰላም ከሆነ በኋላ ያላገባው ሊያገባ፥ ያልተዘከረው ሊዘከር ሰው ቢቸኵል አይፈረድበትም። ነገር ግን ያን ዘመን ለመርሳት ብለው የተበደሩበት ጋን ዳሱ ከፈረሰ በኋላ በአዲሶቹ ተጋቢዎች ጫንቃ ላይ ይቀመጣል። ከዚያም ዘመን የተነሣ እንቅልፍ ያጡ፥ ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ጽዋው ለእነርሱ የበዓል ደስታ ሳይሆን ማደንዘዣ ሆኖአል። እነዚህን በበዓል ቀን ደጋግሞ መቅዳት አያጽናናቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማውራት፥ ወደ ሐኪምና ወደ ንስሐ አባት አብሮ መሄድ ነው የሚጠቅማቸው።

ስለ ሐዘንና በዓል አብሮ መዋል ከነህምያ መጽሐፍ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ፥ ቅጥሩ ፈርሶ እንደ ገና ተሠርቶ ሳለ፥ የሕጉ ቃል ሲነበብ ሁሉም አለቀሰ። አለቆቹ ግን ቀኑ የተቀደሰ ነውና አታልቅሱ ብለው ወደየቤታቸው ሰደዱአቸው፤ የሰባውን እንዲበሉና ጣፋጩን እንዲጠጡ ነገሩአቸው። በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ግን ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ድርሻውን እንዲልኩ አዘዙአቸው። መላኩ ከበዓሉ በኋላ የሚታሰብ ተጨማሪ ነገር አልነበረም፤ ጣፋጩን የመጠጣት ግዴታና ድርሻን የመላክ ግዴታ ባንድ ቃል የታዘዙ ናቸው።

እነሆ የኢዛናን ነገር ይዛችሁ ቆይታችኋል። ድል አድራጊ ንጉሥ ከአገራቸው ላፈለሳቸው ሰዎች ዳቦውንና ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ጠላውንና ወይኑን ጨምሮ እስኪጠግቡ መስጠቱን ለክብሩ በድንጋይ አስቀርጾአል። በመቀሌ በጦርነቱ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች፥ ከስምምነቱ በኋላም ዓመታት ሲያልፉ፥ በትምህርት ቤት ክፍሎችና በድንኳኖች ውስጥ ገናንና ፋሲካን አሳልፈዋል። ለእነርሱ ልብስና ስንዴ የሚያመጣ ሰው ተገኝቶአል፤ ጠላና ድፎ ዳቦ፥ ብርዝና ቡና ይዞ «በዓሉን አብረን እንዋል» ብሎ የመጣ ግን ጥቂት ነው። የተፈናቀለ ሰው እንደ ማንም ሰው የራሱ ጋን፥ የራሱ ዳስ፥ የሚጋብዘው እንግዳ ነበረው። ተረጂ ሆኖ መቀበል ያደከመውን ሰው በዓል ቀን እንግዳ አድርጋችሁ ተቀበሉት፤ ብርሌውን በሁለት እጃችሁ አቅርቡለት።

እንግዲህ ነገ በየቤታችሁ ጋኑ ሲከፈት፥ ለማዕዱ ከሚሆነው አስቀድማችሁ አንድ እንስራ ቅዱና ለብቻ አስቀምጡት፤ ከተረፈው አይደለም፥ ከመጀመሪያው ነው። አጠገቡም አንድ እንስራ ብርዝ ይሁን። ከአገልግሎቱ መልስ ልጆቻችሁን ከመሶብ ጋር ላኩአቸው፤ ለማን እንደሚያደርሱት እናንተ ታውቃላችሁ፤ በጎረቤታችሁ ዘንድ ዘንድሮ ጭስ ያልወጣበትን ቤት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹም ሲሄዱ የማን ቤት እንደ ላካቸው ጮኸው እንዳይናገሩ ምከሩአቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።